የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው?

ባለፈው ዕትም በዚህ ዐምድ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 የሚል የቁጥሮች ተርታ አስፍረን አንባብያን ቀጣዩን ቁጥር እንዲያገኙ ጋብዘን ነበር። ተርታው የሚሠራው ከ2 ተነሥቶ ቁጥርን በራሱ እያባዙ በመሄድ ነው፤ በዚህ ዓይነት 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 ይገኛሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ሲጨመር ተርታው ይወጣል። 65,536 በራሱ ሲባዛ 4,294,967,296 ስለሚሆን ቀጣዩ ቁጥር 4,294,967,297 ነው። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል መልሱን ከመንገር አልፈው ስለ ቁጥሩ ጠባይ የጠየቁትን አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ

የምሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን ሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛነት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ባለችው ባለ 12 አሃዝ ካልኩሌተር ይህን ቁጥር ለ3፣ ለ7፣ ለ11 እያልሁ እስከ 97 ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አካፈልሁት፤ ሁልጊዜ ቀሪ ይተርፋል። ቀደም ሲል አስተማሪ የነበሩ ባልደረባዬ ደግሞ «ፌርማ የሚባል ታላቅ ሊቅ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ጽፏልና በከንቱ አትድከም» ይሉኛል። እውነት ብቸኛ ቁጥር ነው? ካልሆነስ ያለ ኮምፒዩተር ማረጋገጥ ይቻላል?

— የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከቸርችል ጎዳና

መልስ

ባልደረባዎ ስለ ፌርማ የነገሩዎት ትክክል ነው፤ ስለ ቁጥሩ የነገሩዎት ግን ትክክል አይደለም። ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ሙሉ ቁጥር ነው፤ 4,294,967,297 ግን 641 በ6,700,417 ሲባዛ የሚገኝ ነው።

ፒየር ደ ፌርማ በፈረንሳይ በቱሉዝ ከተማ የሚኖር የሕግ ሰው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ በዚህ ተርታ ውስጥ የሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ፣ ተርታው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ብቸኛ ናቸው ብሎ እንደሚያምን ገለጸ፤ ማረጋገጫ እንደሌለውም አልሸሸገም። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በእርግጥ ብቸኛ ናቸው። እምነቱም ከአምስት ምሳሌ ብዙም የራቀ መሠረት አልነበረውም። ጉዳዩ ለዘጠና ዓመት ያህል ሳይነካ ቆይቶ፣ በ1729 የሒሳብ ሊቁ ክርስቲያን ጎልድባህ በደብዳቤ ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለሊዮናርድ ኦይለር አነሣበት፤ ኦይለርም በ1732 ስድስተኛው ቁጥር በ641 እንደሚካፈል አሳየ። ያን ጊዜ ዕድሜው 25 ዓመት ገደማ ነበር።

የእርስዎ ሙከራ በአካሄዱ ስሕተት የለበትም፤ ቶሎ ቆመ እንጂ። አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ከ1 የሚበልጠው ትንሹ አካፋዩ ከዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ያን ቁጥር ከሚሰጠው) አይበልጥም፤ የዚህ ቁጥር ዳግም ዘር ደግሞ ከ65,536 በጥቂቱ ብቻ ከፍ ይላል። ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 6,542 ናቸው። እርስዎ ያቆሙበት 97 በተርታው 25ኛው ሲሆን 641 ደግሞ 116ኛው ነው። በዕውር ድንብር እንኳ ቢቀጥሉ ኖሮ፣ ትዕግሥቱ ካለዎት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደርሱበት ነበር።

ኦይለር ግን በዕውር ድንብር አልሄደም። ፌርማ ራሱ ያገኘውን አንድ ሕግ ያዘ፦ ከ2 በቀር ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ይወሰድ፤ 2ን ከዚያ ቁጥር በ1 ለሚያንስ ጊዜ እርስ በርሱ ብናባዛውና ውጤቱን ለቁጥሩ ብናካፍለው ቀሪው ምንጊዜም 1 ነው። አሁን አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³²+1ን ያለ ቀሪ ያካፍላል እንበል (2³² ማለት 32 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ሲባዙ የሚገኘው 4,294,967,296 ነው)። እንዲህ ከሆነ 2³² ለዚያ ቁጥር ሲካፈል ቀሪው ከአካፋዩ በ1 ያነሰ ይሆናል፤ ስለዚህ 2⁶⁴ ላይ ሲደረስ ቀሪው 1 ይሆናል፤ ከ64 በፊት ግን 1 ሊሆን አይችልም። የ2 ርቢዎች (2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ የሚሄዱት) ቀሪ በየ64ቱ እየተመላለሰ የሚደገም ከሆነና ከላይ ያለው ሕግም መጠበቅ ካለበት፣ ከአካፋዩ ላይ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር የ64 ብዜት መሆኑ ግድ ነው።

ስለዚህ እጩዎቹ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641 እያሉ የሚሄዱት ብቻ ናቸው። ከእነዚህም ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577ና 641 ናቸው። አምስተኛው ሙከራ ይሠራል። መሣሪያው በራሱ በፌርማ እጅ ነበር፤ አምስት ጊዜ ማካፈል ብቻ የሚጠይቀውን ሥራ አለመሥራቱ ወይም ሠርቶ መሳሳቱ ዛሬም የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊዎችን ያነጋግራል።

ያለ ኮምፒዩተር ስለ ማረጋገጥ ለጠየቁት፣ የእርስዎ ካልኩሌተር 12 አሃዝ የምትይዝ በመሆኗ የሚከተለው በልኳ የተሰፋ ነው። 641ን በሁለት መልክ ማየት ይቻላል፦ በአንድ በኩል 640 ሲደመር 1 ነው፤ በሌላ በኩል 625 ሲደመር 16 ነው፤ 625 አራት አምስቶች፣ 16 ደግሞ አራት ሁለቶች ሲባዙ የሚገኝ ነው። 268,435,456ን (ይህም 2²⁸ ነው) በ641 ሲያባዙ 172,067,127,296 ያገኛሉ፤ ይህ የ641 ብዜት መሆኑ ግልጽ ነው። 625 በ2²⁸ ሲባዛ 640 አራት ጊዜ እርስ በርሱ የተባዛበት፣ 16 በ2²⁸ ሲባዛ ደግሞ 2³² ስለሚሆን፣ ብዜቱ የእነዚህ የሁለቱ ድምር ነው። ቀጥሎ 640ን አራት ጊዜ እርስ በርሱ አባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀንሱ 167,772,159,999 ያገኛሉ፤ ይህም 639፣ 641ና 409,601 ሲባዙ የሚገኝ ስለሆነ እርሱም የ641 ብዜት ነው። የሁለት ብዜቶች ልዩነት ምንጊዜም ብዜት ነው። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይቀንሱት፦ 4,294,967,297።

ካልኩሌተሩንም መተው ለሚፈልግ፣ በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ወይም የሩስያ ገበሬዎች ማባዣ እየተባለ የሚጠቀሰው፣ በግማሽና በእጥፍ የሚሠራው ስልት ለዚህ ብዜት እጅግ ይመቻል። በግራ በኩል 641ን በግማሽ እየቀነስን፣ የሚተርፈውን 1 እየጣልን እንወርዳለን፦ 641፣ 320፣ 160፣ 80፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5፣ 2፣ 1። በቀኝ በኩል 6,700,417ን በየመሥመሩ እናጥፈዋለን። በግራ ጎዶሎ ቁጥር የቆመባቸው መሥመሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የ641፣ የ5ና የ1 መሥመሮች ናቸው። በትይዩአቸው ያሉት 6,700,417፣ 857,653,376ና 3,430,613,504 ሲደመሩ የፈለግነው ቁጥር ይወጣል። ማባዛት ሳይኖር ማጠፍና መደመር ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ

በአራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሁለተኛው አካፋይ 6,700,417 ራሱ ብቸኛ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለን? በተጨማሪም አንድ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን አካፋዩን ሳያገኙ ማወቅ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለዚህ ቁጥር ይሠራል?

— ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

የ6,700,417 ዳግም ዘር 2,588 ገደማ ስለሆነ እስከዚያ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ መፈተን ይበቃል። እነርሱም ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤዱዋር ሉካ በ1878 የኦይለርን ሕግ አጥብቦ፣ አካፋዮቹ ከ64 ብቻ ሳይሆን ከ128 ብዜት በ1 የሚበልጡ መሆን እንዳለባቸው አሳይቷል። የ6,700,417 አካፋይ የትልቁም ቁጥር አካፋይ ስለሆነ ሕጉ ለእርሱም ይሠራል። እስከ 2,588 ድረስ ከ128 ብዜት በ1 የሚበልጡና ብቸኛ የሆኑት 257፣ 641፣ 769፣ 1,153ና 1,409 ብቻ ናቸው። 6,700,417 ለእነዚህ በየተራ ሲካፈል 170፣ 44፣ 120፣ 334ና 622 ይተርፋል። ስለዚህ ብቸኛ ነው፤ የ4,294,967,297 አካፋዮችም 1፣ 641፣ 6,700,417ና ራሱ ቁጥሩ፣ በጠቅላላው አራት ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የበለጠ ጥልቅ ነው። አካፋይን ሳያገኙ ብቸኛ አለመሆንን ማረጋገጥ ይቻላል፤ የተለመደው መንገድም ከላይ የጠቀስነውን የፌርማ ሕግ እንደ ፈተና መጠቀም ነው። 2ን ከቁጥሩ በ1 ላነሰ ጊዜ እርስ በርሱ አባዝቶ ቀሪው 1 ካልሆነ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም። ይሁንና 4,294,967,297 በዚህ ፈተና ያታልላል። 2⁶⁴ ለእርሱ ሲካፈል ቀሪው 1 መሆኑን አይተናል፤ ከእርሱ በ1 የሚያንሰው 4,294,967,296 ደግሞ የ64 ብዜት ስለሆነ ፈተናውን ያለ ችግር ያልፋል። በዚህ ተርታ ያለ ቁጥር ሁሉ፣ ብቸኛ ሆነም አልሆነም፣ በ2 ሲፈተን ያልፋል። በ2 ፈንታ 3ን መውሰድ ግን ይሠራል፤ ፔፓን የተባለው ፈረንሳዊ በ1877 ባሳየው መንገድ፣ 3ን በራሱ፣ ውጤቱንም በራሱ እያባዙና በየደረጃው ቀሪውን ብቻ እየያዙ 31 ጊዜ ቢሄዱ፣ ቁጥሩ ብቸኛ የሚሆነው የመጨረሻው ቀሪ በትክክል 4,294,967,296 ሲሆን ብቻ ነው። እዚህ አይሆንም።

እኔ ግን ከሁሉ የምመርጠው ሌላ መንገድ አለኝ። ኦይለር እንዳረጋገጠው፣ አንድ ጎዶሎ ቁጥር የሁለት ዳግም ርቢዎች (በራሳቸው የተባዙ ቁጥሮች) ድምር ሆኖ ከአንድ በሚበልጥ መንገድ መጻፍ ከቻለ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። የእኛ ቁጥር ከአፈጣጠሩ የ65,536 ዳግም ርቢና የ1 ዳግም ርቢ ድምር ነው። እንዲሁም የ62,264 ዳግም ርቢ 3,876,805,696፣ የ20,449 ዳግም ርቢ ደግሞ 418,161,601 ሲሆን ድምራቸው ያው 4,294,967,297 ነው። ሁለት መንገድ ስለተገኘ ብቸኛ አይደለም፤ 641 የሚል ቃል ሳይነሣ ነገሩ አበቃ። 20,449 ራሱ የ143 ዳግም ርቢ መሆኑ ለማረጋገጫው አያስፈልግም፤ ያም ሆኖ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልሁም።

ጥያቄ

ፒያሳ አካባቢ ኮምፒዩተር እጠግናለሁ። ከናንተ ቁጥር በሁለት የሚያንሰውን 4,294,967,295ን በሥራዬ ላይ ደጋግሜ አየዋለሁ፤ ፕሮግራም ሲበላሽ ቆጣሪ ላይ የሚወጣው እርሱ ነው። ዝምድና አላቸው ወይስ አጋጣሚ ነው?

— የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ፣ ከፒያሳ

መልስ

አጋጣሚ አይደለም። ብዙ መሣሪያዎች ቁጥርን የሚያስቀምጡት በ32 ቢት ሲሆን እያንዳንዱ ቢት 0 ወይም 1 ነው። ስለዚህ መጻፍ የሚቻለው 4,294,967,296 ዓይነት ቁጥር ነው፤ ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ትልቁ 4,294,967,295 ይሆናል። ከ0 ላይ 1 እንዲቀንስ የታዘዘ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ወደ ኋላ ዞሮ ትልቁ ላይ ይቆማል፤ የሚያዩትም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው። የቆየው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓትም በ32 ቢት የተሠራ በመሆኑ ሊሰጥ የሚችለው አድራሻ ከ4,294,967,296 አይበልጥም፤ ከዓለም ሕዝብ ቁጥር ያነሰ በመሆኑም የዓለም አቀፉ ማዕከላዊ ክምችት በየካቲት 2011 በአውሮፓ አቆጣጠር ተሟጠጠ።

የሒሳቡ ዝምድና ግን ከዚህ የጠበቀ ነው። 4,294,967,295 ከ65,536 ዳግም ርቢ ላይ 1 የተቀነሰበት ስለሆነ 65,535 በ65,537 ሲባዛ ይገኛል። በዚሁ ስልት 65,535 የ255ና የ257 ብዜት ነው፤ 255 የ15ና የ17፣ 15 ደግሞ የ3ና የ5። ተርታ አስይዘን ስናየው 3፣ 5፣ 17፣ 257ና 65,537 ሲባዙ 4,294,967,295 ይሆናሉ፤ ያለፈው ዕትም አምስት ቁጥሮች አንድም ሳይቀሩ ማለት ነው። በዚህ ላይ 2 ሲጨመር ስድስተኛው ይወጣል። ስለዚህ ስድስተኛው ከአምስቱ ከአንዳቸውም ጋር የጋራ አካፋይ ሊኖረው አይችልም፤ ቢኖረው ያ አካፋይ 2ንም ማካፈል ነበረበት፤ ሁሉም ግን ጎዶሎ ናቸው። የሒሳብ ሠራተኛው አንባቢያችን በ3፣ በ5፣ በ17 ቢሞክሩ የማይሳካላቸው ለዚህ ነው። ተማሪውም 257ን ያለ ማካፈል መዝለል ይችሉ ነበር።

ይኸው ልዩነት በጂኦሜትሪም ይታያል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1796፣ ገና 19 ዓመት ሳይሞላው፣ ጎኖቹና ማዕዘኖቹ ሁሉ እኩል የሆኑ ባለ 17 ጎን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። ከዚያም ጎዶሎ የጎን ብዛት ያለው እንዲህ ያለ ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ የሚሠራው የጎኖቹ ብዛት ከዚህ ተርታ ብቸኛ ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ጊዜ ሳይበልጡ፣ ተባዝተው የሚገኝ ሲሆን ብቻ መሆኑ ታወቀ፤ «ብቻ» የሚለውን ወገን በ1837 ያረጋገጠው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ቫንትዘል ነው። እርስዎ በስክሪን ላይ የሚያዩት 4,294,967,295 እስከ ዛሬ ከሚታወቁት እንዲህ ካሉ ጎዶሎ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ሁለት ጎን የሚበልጠው ባለ 4,294,967,297 ጎን ቅርጽ ግን በማስመሪያና በኮምፓስ አይሠራም። ከስድስተኛው በኋላም አንድም ብቸኛ ቁጥር በተርታው አልተገኘም፤ የመጀመሪያውን 3 ብለን ብንቆጥር ከስድስተኛው እስከ 33ኛው ድረስ ያሉት ሁሉ ብቸኛ አለመሆናቸው ተረጋግጧል፤ 34ኛው እስካሁን መልስ ያላገኘ ነው።

ጥያቄ

ይህ ቁጥር በግዕዝ አኃዝ እንዴት ይጻፋል? ለማካፈልስ ያመቻል?

— አንባቢ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ

መልስ

፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯ ተብሎ ይጻፋል። የመጨረሻው ፼ ከፊቱ ያለውን ሁሉ፣ ማለትም 429,496ን፣ በአንድ ላይ በ10,000 ያባዛል፤ ከዚያ 7,297 ይከተላል።

ለማካፈልም ሆነ ለመፈተን የሚያመች አንድ ጠባይ አለው። የግዕዝ አኃዝ ቁጥሩን በ፻ና በ፼ ምልክቶች በሁለት በሁለት አሃዝ ይከፍለዋል፦ 42፣ 94፣ 96፣ 72፣ 97። 100 ለ99 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ፣ ጥንዶቹን መደመር ብቻ ለ99 ሲካፈል የሚተርፈውን ይሰጣል። ድምሩ 401 ነው፤ ይህም በጥንድ ሲከፈል 4ና 1፣ ሲደመር 5። ስለዚህ ቁጥሩ ለ99 ሲካፈል 5 ይተርፋል፤ በዚህ አንድ ሥራም በ3፣ በ9፣ በ11ና በ33 እንደማይካፈል በአንድ ጊዜ ታወቀ። 101ን ለመፈተን ደግሞ ከቀኝ ተነሥቶ አንዱን መደመር፣ ቀጣዩን መቀነስ ነው፦ 97 ሲቀነስ 72፣ ሲደመር 96፣ ሲቀነስ 94፣ ሲደመር 42፣ ውጤቱ 69 ስለሆነ በ101ም አይካፈልም።

በዚሁ መንገድ የኦይለርን ብዜት መቈጣጠር ይቻላል። 641 ፮፻፵፩ ነው፤ 6ና 41 ሲደመሩ 47። 6,700,417 ፮፻፸፼፬፻፲፯ ነው፤ 6፣ 70፣ 4ና 17 ሲደመሩ 97። 47 በ97 ሲባዛ 4,559 ይሆናል፤ 45ና 59 ሲደመሩ 104፣ 1ና 4 ሲደመሩ 5፣ ከላይ ከትልቁ ቁጥር ጥንዶች ካገኘነው ጋር አንድ ነው።